የቄሣር መልክ በነጋዴ እጅ

ነጋዴ ገንዘብ ሲቀበል ይቈጥራል እንጂ አያነብም። ኖቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ሐሰተኛ አለመሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፥ ሥዕሉ የምን እንደ ሆነ፥ ጽሕፈቱም ምን እንደሚል ሳይመረምር ወደ ካዝናው ያስገባዋል። ይህን የምለው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም በነጋዴ ቤት በጸሐፊነት በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ሳደርግ የኖርሁት ይኸንኑ ነው። በጥንቱ የሮማ መንግሥት ግን መሐለቅ ይታተም የነበረው እንዲቈጠር ብቻ ሳይሆን እንዲነበብም ጭምር ነው። ጋዜጣም ራዲዮም ባልነበረበት በዚያ ዘመን፥ ከብሪታንያ ደሴት እስከ ላይኛው ግብፅ ድረስ በተዘረጋው ግዛት የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፥ ስምና ማዕርግ፥ ድልና ምኞት በየሰዉ መዳፍ ላይ የሚያደርስ ከመሐለቅ የተሻለ መልእክተኛ አልነበረም። በአገራችን ዐዋጅ በነጋሪት ይነገር እንደ ነበረ ሁሉ፥ በእህል ተራና በሥጋ ገበያ ሳይቀር የምትጐሰመው የቄሣሩ ነጋሪት ይህች ትንሽ ክብ ብር ነበረች።

ታሪኩን ለነጋዴ አንባቢ ማቅረብ የሚገባ መስሎ የታየኝም ስለዚህ ነው። ቄሣሮች በመሐለቅ ላይ ምን እንዳሳተሙ የታሪክ ሊቃውንት በሰፊው ጽፈዋል፤ ገበያው ምን ብሎ እንደ መለሰላቸው ግን ከሁሉ ይልቅ የሚገባው ለኛ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ የኛ ሲሆን በስሙ ይገለጻል።)

የመሐለቁ አሠራር ቀላል ነበር። ባለሙያው ሁለት ማኅተሞች ይቀርጻል፤ አንደኛው በመስፍ ላይ ይተከላል፥ ክቡ ጠፍጣፋ ብር በላዩ ይቀመጣል፥ ሁለተኛው ማኅተም ከላይ ተደግኖ በመዶሻ ይመታል። አንድ ምት፥ አንድ መሐለቅ። በፊቱ የገዥው መልክ፥ በጀርባው የገዥው ቃል ይወጣል። ልጆቻችን እስከ ዛሬ ሳንቲም ወደ ላይ ወርውረው «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ይባባላሉ፤ ዘውዱ ከሳንቲማችን ላይ ከተነሣ ብዙ ዘመን አልፎታል፥ ስሙ ግን ከአፋቸው አልወረደም። በመሐለቅ ላይ የታተመ ነገር እንዲህ ይቈያል።

በሮማ ሪፑብሊክ ዘመን ግን በሕይወት ያለ ሰው መልክ በከተማይቱ ገንዘብ ላይ አይወጣም ነበር። የአማልክትና የሞቱ አባቶች መልክ ይታተማል፤ የራስን መልክ ማሳተም የነገሥታት ልማድ ነውና፥ ሮማውያንም ንጉሥ የሚለውን ስም እንኳ ለመስማት አይወዱም ነበርና፥ ማንም አልደፈረውም። ይህን ልማድ ያፈረሰው ዩልዮስ ቄሣር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፥ የአገሩ ምክር ቤት በሰጠው ክብር መሠረት፥ አክሊል የደፋ መልኩ ያለበት፥ «ቄሣር የዘላለም አምባ ገነን» የሚል ጽሕፈት የዞረበት ዲናር ታተመ። ዲናር ማለት በወንጌል ላይ የምናገኘው የብር ገንዘብ ነው። ዲናሩ በገበያ ገና ሳይለመድ፥ በዚያው ዓመት ማርች 15 ቀን፥ ቄሣር በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ በጩቤ ተወግቶ ሞተ።

ከገዳዮቹ ዋነኛው ብሩቱስ ነበር። የገደልሁት ስለ ነጻነት ነው እያለ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ጦር ሲያሰናዳ፥ ለወታደር ደመወዝ የሚሆን ገንዘብ አስመታ። በጀርባው ሁለት ጩቤዎች፥ በመካከላቸውም ነጻ የወጣ ባሪያ የሚደፋው ቆብ ይታያል፤ ከግርጌው የማርች አጋማሽ የሚል ቃል ተጽፎአል። ሰውን ገድሎ ግድያውን በገንዘብ ላይ ያወጀ ከእርሱ በፊት ተሰምቶ አያውቅም። በፊቱስ ያለው የማን መልክ ነው? የራሱ የብሩቱስ! ራሱን በመሐለቅ ላይ ያስቀረጸውን ሰው ገድሎ፥ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ራሱን በመሐለቅ ላይ አስቀረጸ።

ከዚህ ገንዘብ በወርቅ የተመታ አንድ፥ በ2020 በለንደን ከተማ በጨረታ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጦ ነበር። በኋላ ግን ከግሪክ አገር ተዘርፎ የወጣ መሆኑና ከየት እንደ መጣ የሚመሰክረው ወረቀት ሐሰተኛ መሆኑ ስለ ታወቀ፥ በ2023 ለግሪክ መንግሥት ተመልሶአል። የዕቃ የትውልድ አገር ማስረጃ ለማውጣት ስንመላለስ የምናጕረመርም ሰዎች ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

ከብሩቱስ ሞት በኋላ የቄሣር ወዳጅ ማርቆስ አንጦንዮስና የቄሣር ወራሽ ኦክታቪያኖስ ዓለሙን ተካፍለው ሲፎካከሩ፥ ፉክክሩ በሰይፍ ብቻ ሳይሆን በመሐለቅም ነበር። ኦክታቪያኖስ «የአምላክ ልጅ» የሚል ማዕርግ በስሙ ላይ አሳተመ፤ የሞተው ቄሣር ከአማልክት ተቈጥሮ ስለ ነበረ ነው። አንጦንዮስ ደግሞ በአንድ ዲናር በአንደኛው ፊት የራሱን፥ በሁለተኛው ፊት የግብፅዋን ንግሥት የክሌዎፓትራን መልክ አደረገ፤ ይህም በሮማ ላሉት ጠላቶቹ የሐሜት ስንቅ ሆነላቸው። ለጦሩም በአንድ ወገን መርከብ፥ በሌላው ወገን የየሌጌዎኑ ዓርማና ቍጥር ያለበት ብዙ ዲናር አስመታ፤ ብሩ ግን ከተለመደው ዝቅ ያለ ነበር። አንጦንዮስ በ31 ከክርስቶስ ልደት በፊት ድል ሆነ፥ በዓመቱም ሞተ፤ ገንዘቡ ግን ከ200 ዓመት በላይ በገበያ ሲዘዋወር ኖረ። ምክንያቱን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል፤ መልካሙን ብር ሰው ይሸሽገዋል ወይም ያቀልጠዋል፥ ደካማውን ግን ፈጥኖ ለሌላ ያስተላልፈዋል።

አሸናፊው ኦክታቪያኖስ አውግስጦስ ቄሣር ተብሎ ሲነግሥ፥ በመሐለቅ ላይ የመናገርን ጥበብ ወደ ፍጻሜ ያደረሰው እርሱ ነው። ግብፅን ሲይዝ አንድ አዞ አስቀርጾ ከበላዩና ከበታቹ «ግብፅ ተያዘች» ብሎ ጻፈ፤ ማንበብ የማይችለውም ገበሬ አዞውን አይቶ ነገሩን ይረዳል። የጳርቴ መንግሥት ከብዙ ዓመት በፊት ከሮማ ጦር የማረካቸውን ዓርማዎች በ20 ከክርስቶስ ልደት በፊት በድርድር ሲመልስ ደግሞ፥ አውግስጦስ አንድ የጳርቴ ሰው ተንበርክኮ ዓርማውን ሲያስረክብ የሚያሳይ ዲናር አወጣ። በእውነቱ የተንበረከከ አልነበረም፤ የተደረገው የመልእክተኞች ንግግር ነው። ነገር ግን ድርድሩን ያየ ጥቂት ሰው ነው፥ መሐለቁን ያየው ግን ሕዝቡ ሁሉ ነው።

መልእክቱ የሚዞርበት መንገድ ይህ ነበር። በአውግስጦስ ዘመን አንድ የሌጌዎን ወታደር በዓመት 225 ዲናር ይቀበላል፤ ወታደሩ በሰፈረበት አገር ለእንጀራና ለወይን፥ ለጫማና ለልብስ ይከፍላል፤ ባለ ሱቁም መልሶ ግብሩን ይከፍልበታል። ስለዚህ ገንዘቡ ከቄሣር ወጥቶ በጦሩ፥ በነጋዴውና በገበሬው እጅ አልፎ ወደ ቄሣር ይመለሳል፤ በሄደበትም ሁሉ የላኪው መልክ አብሮት ይሄዳል። ጌታችን ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ዲናር እንዲያሳዩት ያዘዘበትን የወንጌል ታሪክ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ሊቃውንት እንደሚገምቱት ያ ዲናር የጢባርዮስ ቄሣር ነው፤ እንዲህ ከሆነም በዙሪያው የተጻፈው ቃል ጢባርዮስን «የአምላክ የአውግስጦስ ልጅ» የሚል ነበር። በአንድ አምላክ የሚያምን አይሁዳዊ ግብሩን ሲከፍል ይህን ቃል በእጁ ይዞ መሆኑን ስናስብ፥ ጥያቄው ምን ያህል የመረረ እንደ ነበረ ይገባናል።

ነገሩ ከዚያም ይብስ ዘንድ ነበረው። በ70 ዓ.ም. የሮማ ጦር ኢየሩሳሌምን ካፈረሰ በኋላ፥ ቨስፓስያኖስ ቄሣር ከዘምባባ ዛፍ ሥር ተቀምጣ የምታለቅስ ሴት አስቀርጾ «ይሁዳ ተያዘች» የሚል ጽሕፈት ያለበትን ገንዘብ በወርቅ፥ በብርና በመዳብ አሳተመ። በየአገሩ ያለውም አይሁዳዊ ሁሉ፥ ቀድሞ ለመቅደሱ ይሰጠው የነበረውን፥ በዓመት ሁለት ዲናር ለሮማ ጣዖት ቤት እንዲከፍል ታዘዘ። ግብሩን የሚሰበስቡት ሰዎች በሐሰት ክስ ሕዝቡን ስላስጨነቁ፥ በ96 የነገሠው ኔርቫ «በአይሁድ ግብር የሚደረገው የሐሰት ክስ ተወገደ» ብሎ በመሐለቅ ላይ አሳወጀ። ግብሩ ግን አልተወገደም። ይህን ስመለከት፥ በትልቅ ፊደል የሚጻፈውን ከታችኛው ትንሽ ጽሕፈት ጋር አስተያይቶ ማንበብ የዛሬ ሰው ፈሊጥ ብቻ አለመሆኑን አያለሁ።

አይሁድም በተራቸው በዚያው ቋንቋ መለሱ። ከ132 እስከ 135 በባር ኮክባ መሪነት ባመፁ ጊዜ፥ የራሳቸው ብር ስላልነበራቸው የሮማን ገንዘብ ሰብስበው የቄሣሩን ፊት በመዶሻና በሞረድ አጥፍተው በላዩ የመቅደሱን ሥዕልና በዕብራይስጥ ፊደል «ለኢየሩሳሌም ነጻነት» የሚል ቃል መቱበት። ዛሬ በሙዚየም ካሉት በአንዳንዶቹ፥ በመቅደሱ ዓምዶች መካከል ያልጠፋ የቄሣር አፍንጫ ወይም የስሙ ፊደል ብቅ ብሎ ይታያል።

ይሁን እንጂ መሐለቅ የሚናገረው ሁሉ ሐሰት ወይም ጭካኔ ነበር ማለት አይደለም። ሃድሪያኖስ በ118 ዙፋኑን ለማጽናት ሲል ለመንግሥት ግምጃ ቤት ሳይከፈል የቈየውን ውዝፍ ዕዳ ሰረዘ፤ በመዳቡም ገንዘብ ላይ አንድ የመንግሥት አገልጋይ በተከመረው የዕዳ ሰነድ ላይ ችቦ ሲለኵስ ይታያል። የተሰረዘው ልክ እንኳ በመሐለቁ ዙሪያ በቍጥር ተጽፎአል፤ 900 ሚሊዮን ሴስቴርስ ነው። አራት ሴስቴርስ አንድ ዲናር ነበር። ውዝፍ ግብር የሚባለውን ቃል ለሚያውቅ አንባቢ የዚህን ሥዕል ውበት ማስረዳት አያስፈልገኝም። ኔሮን ቄሣር ደግሞ የሮማን ወደብ የኦስትያን ሥዕል፥ መርከቦቹንና የወደቡን ግንብ ሳይቀር፥ በአንዲት መሐለቅ ላይ አስቀርጾአል። ወደቡን የሠራው ከእርሱ በፊት የነበረው ክላውዲዮስ ነው፤ ቢሆንም የከተማይቱ እህል ከግብፅና ከአፍሪቃ በባሕር የሚመጣ ስለ ነበረ፥ የጠገበ ሕዝብ የማንን ስም እንደሚያነሣ ኔሮን ያውቃል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መልኩና ስለ ጽሕፈቱ ነው። አሁን ወደ ብሩ እንምጣ፤ የነጋዴው ነገር ያለው እዚህ ነውና።

ፕሊኒዮስ የሚባለው የሮማ ጸሐፊ በክላውዲዮስ ዘመን የሆነውን ሲተርክ፥ አንድ የሮማ ግብር ሰብሳቢ አገልጋይ በዓረብ አገር ዳርቻ ሲጓዝ ነፋስ ወስዶት ዛሬ ስሪ ላንካ በምትባለው ደሴት ደረሰ ይላል። የደሴቲቱ ንጉሥ የእንግዳውን ገንዘብ አስመርምሮ በአንድ ነገር ተደነቀ፤ በዲናሮቹ ላይ ያለው መልክ የተለያዩ ነገሥታት ሲሆን፥ ክብደታቸው ግን እኩል ነበረ። ይህን አይቶ የሮማ ሰዎች እውነተኞች ናቸው ብሎ መልእክተኞች ላከ። ከተቀረጸው ሥዕልና ከተጻፈው ማዕርግ ይልቅ ለሮማ ስም ያተረፈላት ሚዛኑ ነው።

ሆኖም ብዙ ዓመት ሳይቈይ፥ በ64 ገደማ፥ ኔሮን ሚዛኑን ነካው። ቀድሞ ከአንድ የሮማ ፓውንድ ብር 84 ዲናር ይወጣ የነበረው 96 ሆነ፤ በላዩም መዳብ ተጨመረበት። የወርቁም ገንዘብ እንዲሁ ከ40 ወደ 45 ተሸነሸነ። መልኩ አልጐደለም፤ እንዲያውም የኔሮን መሐለቆች በቅርጽ ጥበብ እጅግ ያማሩ ናቸው። በዚያ ጊዜ ሮማ ለሕንድ አገር በርበሬ፥ ዕንቍና ጨርቅ በየዓመቱ 50 ሚሊዮን ሴስቴርስ ታወጣ እንደ ነበረ ይኸው ፕሊኒዮስ በምሬት ጽፎአል። የሕንድ ነጋዴ ምን አደረገ? ዛሬ በደቡብ ሕንድ ከመሬት ተቈፍሮ የሚወጣው የሮማ ዲናር አብዛኛው የአውግስጦስና የጢባርዮስ ነው፤ ከኔሮን ቅነሳ በኋላ የተመታው ጥቂት ነው። ሊቃውንት እንደሚሉት ሕንዶቹ ቀድሞ የተመታውን ከባዱን ብር መርጠው ይቀበሉ ነበር። ፑዱኮታይ በሚባል ስፍራ በአንድ ላይ ከተገኙት 501 የወርቅ መሐለቆችም የሚበዙት የቄሣሩ ፊት በስለት የተጠረበባቸው ናቸው። ስለ ጠረባው ምክንያት ሊቃውንት አልተስማሙም፤ የጠረበው ሰው ግን ወርቁን እንጂ መልኩን እንዳልፈለገው ግልጽ ነው።

ይህ ነገር ለኛም እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን የኦስትርያዋን ንግሥት የማርያ ቴሬዛን ብር፥ ንግሥቲቱ ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ፥ 1780 የሚለውን ዓመትና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች እየቈጠሩ ይቀበሉት ነበር። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፈበትን፥ የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር በፓሪስ አሠርተው ሲያወጡ፥ ገበያው የለመዳትን ሴት ቶሎ አልለቀቀም። ንጉሡ ተወዳጅ፥ ብሩም መልካም ነበር፤ ልማድና እምነት ግን በዐዋጅ አይዛወርም።

ወደ ሮማ እንመለስ። ከኔሮን በኋላ የነገሡት ብዙዎቹ መንገዱን ተከተሉት። በ215 ካራካላ፥ ሁለት ዲናር ያወጣል ተብሎ የሚታሰበውን አዲስ ገንዘብ ሲያወጣ ክብደቱ የአንድ ዲናር ተኩል ብቻ ነበር። ብሩ እያነሰ ሲሄድ ቃሉ እየበዛ ሄደ። በ244 ፊልጶስ ዓረባዊው በጦር ሜዳ ነግሦ «ከፋርስ ጋር ሰላም ተመሠረተ» የሚል ገንዘብ አወጣ፤ የፋርሱ ንጉሥ ሻፑር ግን በአለት ላይ ባስቀረጸው ታሪክ ፊልጶስ 500,000 ዲናር ከፍሎ ሰላምን እንደ ገዛ ይናገራል። መሐለቁና አለቱ ስለ አንድ ውል የተጻፉ ሁለት ደረሰኞች ናቸው። በጋሊዬኖስ ዘመን ፍጻሜ፥ በ268 ገደማ፥ የብር ገንዘብ ከሚባለው ውስጥ ብሩ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም፤ መዳቡ ስስ የብር ቀለም ተቀብቶ ይወጣል፥ ቀለሙም በሰው ጣት እየታሸ ይለቃል። በዚህ መዳብ ላይ የሚነበበው «ሰላም»፥ «ጥጋብ»፥ «የጦሩ ታማኝነት» የሚል ነው። ጦሩ ግን በየዓመቱ አዲስ ንጉሥ ያነግሥ ነበር።

ገበያው በግልጽ የመለሰበት አንድ ወረቀት በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተጠብቆ ተገኝቶአል። ጊዜው 260፥ ስፍራው ኦክሲሪንኮስ የሚባል ከተማ ነው። የአውራጃው ገዥ በጻፈው ትእዛዝ፥ የከተማው ገንዘብ ለዋጮች የነገሥታቱን መለኮታዊ ገንዘብ ላለመቀበል ሲሉ ሱቃቸውን ዘግተዋልና ከፍተው ሐሰተኛ ካልሆነ በቀር ማናቸውንም መሐለቅ ተቀብለው እንዲመነዝሩ ያዝዛል፤ ለሌሎችም ነጋዴዎች እንዲሁ፤ እንቢ ያለ ይቀጣል። ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ የተነገረው ሁሉ፥ አዞው፥ ዘምባባው፥ አክሊሉ፥ መለኮታዊው ስም፥ በመጨረሻ አንድ ባለ ሱቅ በሩን እንዲከፍት ማሳመን አቃተውና በቅጣት ማስፈራራት ተተካ። እነዚያ ሰዎች ዐመፀኞች አልነበሩም። በጧት የተቀበሉትን በማታ የሚቀበላቸው ስላጡ ብቻ በራቸውን ዘጉ።

ዲዮቅልጥያኖስ በ301 የዋጋ ጣራ ዐዋጅ አውጥቶ ያስከተለውን እዚህ አናስረዝምም፤ ዐዋጁ የዋጋውን ውድነት በነጋዴ ስስት ማመኻኘቱን፥ ለተላላፊውም ሞትን መወሰኑን፥ የዘመኑም ጸሐፊ ዕቃው ከገበያ ጠፋ ማለቱን ብቻ እንጠቅሳለን። ፈውሱን ያገኘው ታላቁ ቈስጠንጢኖስ ነው። ከ309 ገደማ ጀምሮ ከአንድ ፓውንድ ንጹሕ ወርቅ 72 የሚወጣ፥ ሶሊዱስ የተባለ መሐለቅ አስመታ። በላዩ ያሉት መልኮችና ምልክቶች እየተለዋወጡ ሄዱ፥ ከጣዖታቱም ይልቅ መስቀል መጣ፤ ሚዛኑና ጥራቱ ግን ከ700 ዓመት በላይ ያህል ሳይናወጥ ቈየ።

የአክሱም ነገሥታትም በሦስተኛው መቶ ዘመን ማለቂያ ገደማ የራሳቸውን መሐለቅ ማሳተም ሲጀምሩ የወርቁን ልክ ከሮማው ጋር እያስተያዩ ነበር፤ በወርቁም ላይ የውጭ ነጋዴ እንዲያነበው የግሪክ ፊደል ይቀርጹ ነበር። ወደባቸው አዱሊስ ወደ ሕንድ የሚሄዱ መርከቦች መነሻ ነበረች። በስድስተኛው መቶ ዘመን መካከል የጻፈው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ የሚከተለውን የሰማው ከራሱ ከባለ ታሪኩና አብረውት ከሄዱት የአዱሊስ ሰዎች ነው።

ሶፓጥሮስ የሚባል የሮማ ነጋዴ ከአዱሊስ መርከብ ጋር ስሪ ላንካ ደርሶ ከአንድ የፋርስ ሰው ጋር ወደ ንጉሡ ቀረበ። ንጉሡም ከንጉሦቻችሁ የሚበልጥ የማንኛችሁ ነው ብሎ ጠየቀ። ፋርሱ ፈጥኖ የራሱን አመሰገነ፤ ሶፓጥሮስ ዝም አለ። አንተስ ቢባል፥ ሁለቱም ነገሥታት እዚህ አሉልህና ራስህ መርምር ብሎ የሁለቱ አገር ገንዘብ እንዲመጣ ለመነ። የሮማው የጠራ፥ ሲጥሉት የሚጮህ ወርቅ ነበር፤ የፋርሱ ብር ነበር። በእርግጥ ወርቅን ከብር ጋር ማወዳደር ትክክለኛ ሚዛን አይደለም፤ ኮስማስም ራሱ ወደዚያ አገር የሚላከው መሐለቅ ተመርጦ የሚወጣ መሆኑን ሳይሸሽግ ጽፎአል። ላኪ ነጋዴ ናሙና እንዴት እንደሚመርጥ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ንጉሡ ግን ሁለቱንም ፊትና ጀርባ አገላብጦ አየ፤ ሮማውያንን አደነቀ፤ ሶፓጥሮስንም በዝሆን ላይ አስቀምጠው ከበሮ እየመቱ በከተማይቱ ሁሉ እንዲያዞሩት አዘዘ። ፋርሱ በኀፍረት ቀረ፤ የአዱሊስ ነጋዴዎችም ወሬውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ።